የኢአር ስትረስ ሴሉን ያድናል ወይስ ይገድላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሴል ሲሞቅ፣ ሲራብ ወይም ሲመረዝ ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖችና ኦርጋኔሎች ምን እንደሚሆኑ ሳጠና ግራ ገባኝ። አንዱ መጽሐፍ የኢአር ስትረስ ምላሽ ሴሉን ያድነዋል ይላል። ሌላው ያው ምላሽ ሴሉን ይገድለዋል ይላል። የቱን ልመን? ደግሞስ ቀድሞ ትንሽ የሞቀ ሴል በኋላ ከባድ ሙቀት ሲመጣበት ለምን ይቋቋማል?»

እህቴ፣ ሁለቱም መጻሕፍት ልክ ናቸው። የዘለሉት ሰዓቱን ነው። ኢአር ማለት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው፣ ሴሉ ፕሮቲን የሚያጥፍበት አንዱ ክፍል። ምላሹ መጀመሪያ ላይ አዳኝ ነው፣ ጫናው አልነሳ ብሎ ከቆየ ደግሞ ገዳይ ይሆናል። ግን ይሄን ብቻ ብዬሽ ብሄድ ለፈተና ትሸመድጂውና በማግስቱ ይጠፋብሻል። ሴሉ ጊዜውን እንዴት እንደሚለካ ካየሽ ግን አትረሺውም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ታገሺኝ።

ከፕሮቲኑ እንጀምር። ፕሮቲን ከሚሠራበት ማሽን፣ ከራይቦዞም፣ ሲወጣ ረጅም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ሥራ የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው። ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኒውክሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም በኬሚካል ፈታታው፣ ኬሚካሉን ሲያነሳለት ኢንዛይሙ በራሱ ተመልሶ ታጠፈ። በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው ይሄ ሥራ ነው። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ተማሪ «ፕሮቲን ራሱን ችሎ ይታጠፋል፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። የአንፊንሰን ፕሮቲን ቱቦ ውስጥ እንደ ልቡ ነበር። ሴል ውስጥ ግን በአንድ ሚሊሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም የሚደርስ ፕሮቲን ታጭቋል፣ መፈናፈኛ የለም። በዚህ ግፊያ መሀል ገና ታጥፎ ያላለቀ ፕሮቲን ውሃ የሚሸሹ ክፍሎቹ ወደ ውጭ ተጋልጠዋል። እነዚህ ክፍሎች ደግሞ የሚጣበቁበት አያጡም። ሁለት ሦስቱ ሲገናኙ ይጓጎላሉ፣ የተጓጎለ ፕሮቲን ደግሞ ከሥራ ውጭ መሆኑ ሳያንስ ሌሎቹንም እየጎተተ ያስገባል።

ሌላም አለ። በትክክል የታጠፈ ፕሮቲን እንኳ የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። በታጠፈውና በተፈታው መካከል ያለው የኃይል ልዩነት በአብዛኛው በሞል ከ5 እስከ 15 ኪሎካሎሪ ነው፣ የጥቂት ሃይድሮጂን ቦንዶች ያህል። ለዚህ ነው 37 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ የሚኖር ሴል 42 ወይም 43 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የሚርበተበተው። ለእኛ አምስት ዲግሪ ትንሽ ነው። በቋፍ ላይ ላለ ፕሮቲን ግን ብዙ ነው።

ሴሉ ይሄን የሚቋቋምባቸው ረዳት ፕሮቲኖች አሉት፣ ሻፐሮን ይባላሉ። ኤችኤስፒ70 የሚባለው የተጋለጠውን ክፍል ያዝ ያደርጋል፣ ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ ተጠቅሞ ይለቃል፣ ፕሮቲኑ እንደገና ለመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ካልሆነለት እንደገና ይይዘዋል። አሁንም እምቢ ካለ 76 አሚኖ አሲድ ያላት ዩቢኩዊቲን የምትባል ምልክት ትለጠፍበትና ወደ ፕሮቲያዞም ሄዶ ይቆራረጣል። ይሄ የየዕለት ሥራ ነው፣ ስትረስ ባይኖርም ይካሄዳል። ስትረስ ማለት እንግዲህ ይሄ የተለመደ ሥራ ከረዳቶቹ አቅም በላይ ሲሆን ነው። ይቺን ትርጉም ያዢልኝ። ስትረስ ሙቀቱ ራሱ አይደለም። ስትረስ በሥራውና በሠራተኛው መካከል የሚፈጠር ጉድለት ነው።

የዚህ መስክ አጀማመር ደስ የሚል ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የድሮሶፊላ ዝንብ እጭ የምራቅ ዕጢ ክሮሞዞሞችን ያጠና ነበር። አንድ ቀን ባልደረባው የማሞቂያውን ሙቀት ከፍ አድርጎት ኖሮ፣ ሪቶሳ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ክሮሞዞሞቹ አይቶት በማያውቅ ቦታ አብጠዋል። በእነዚህ ክሮሞዞሞች ላይ እብጠት ማለት እዚያ ያለ ጂን በኃይል እየተነበበ ነው ማለት ነው። ውጤቱን በ1962 አሳተመው። ከእብጠቶቹ የሚገኙት ፕሮቲኖች የተለዩት በ1974 ነው፣ «የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን» የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ነው የተለመደው። ኤችኤስፒ ማለት ይሄው ነው። ከኋላው ያለው 70 ወይም 90 የፕሮቲኑ ክብደት ነው፣ በኪሎዳልተን። ስሙ ግን ሰው አሳስቷል። እነዚህ ፕሮቲኖች በከባድ ብረት፣ በአልኮል፣ በአርሴናይትም ይነሳሉ። ሙቀት ቀድሞ የተገኘው ቀስቃሽ ሆነ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ሴሉ መሞቁን በምን ያውቃል?

ለዚህ ሥራ የተመደበ ቴርሞሜትር የለውም። የሚቆጥረው ሥራ ፈት ሻፐሮኖቹን ነው። ኤችኤስኤፍ1 የሚባል ጂን አብሪ ፕሮቲን አለ። በሰላሙ ጊዜ ኤችኤስፒ70 እና ኤችኤስፒ90 ይዘው ዝም ያሰኙታል። ሙቀት ሲመጣ የተፈታቱ ፕሮቲኖች በየቦታው ይበዛሉ፣ ሻፐሮኖቹ ኤችኤስኤፍ1ን ለቀው ወደዚያ ይሮጣሉ። ነጻ የወጣው ኤችኤስኤፍ1 ሦስት ሦስት ሆኖ ይቆላለፋል፣ ዲኤንኤ ላይ ቦታውን ይይዛል፣ የሻፐሮን ጂኖችን ያበራል። ሻፐሮኖች ሲበዙ ሥራው ይቃለላል፣ የተረፉት ተመልሰው ኤችኤስኤፍ1ን ይይዙታል፣ ምልክቱ ይጠፋል። ሌላ ተቆጣጣሪ አላስፈለገም። እኔ መጀመሪያ ይሄን ስረዳ ነው ይሄ መስክ የማረከኝ። ሙቀትም ይምጣ መርዝ፣ ሴሉ መንስኤውን ማወቅ የለበትም፣ የሠራተኛ እጥረት መኖሩን ብቻ ካወቀ ይበቃዋል። ይቺን ብልሃት ከያዝሽ ኢአርም ሆነ ማይቶኮንድሪያ ላይ ስትደርሺ ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም።

እንግዲህ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም እንግባ፣ በአጭሩ ኢአር። ሴሉ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ሲሶ ያህሉ በዚህ በኩል ያልፋሉ። ወደ ውጭ የሚላኩት፣ ሜምብሬን ላይ የሚቀመጡት፣ የሴሉ መፍጫ ወደሆነው ላይሶዞም የሚሄዱት ሁሉ። እዚህ ውስጥ ስኳር ይለጠፍባቸዋል፣ ሰልፈርና ሰልፈር ይቆላለፍላቸዋል፣ ቢፕ የሚባል ሻፐሮን ይረዳቸዋል። ቢፕ የኤችኤስፒ70 ዘመድ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ኢአርን ማስጨነቅ ስንፈልግ ቱኒካማይሲን እንጨምራለን፣ ስኳር መለጠፉን ያቆመዋል። ወይም ታፕሲጋርጊን፣ ካልሲየም የሚያስገባውን ፓምፕ ይዘጋዋል። መንገዳቸው ለየቅል ነው፣ ውጤታቸው ግን አንድ ነው፦ ያልታጠፈ ፕሮቲን ይከመራል፣ ቢፕ አይዳረስም።

ችግሩ ኢአር ውስጥ ነው፣ ጂኖቹ ደግሞ ኒውክለስ ውስጥ። መሀል ላይ ሜምብሬን አለ። ስለዚህ ወሬ አቀባይ ያስፈልጋል፣ በእኛ ሴል ውስጥ ሦስት ናቸው፦ አይአርኢ1፣ ፐርክ እና ኤቲኤፍ6። ሦስቱም የኢአርን ሜምብሬን ሰንጥቀው የተቀመጡ ናቸው፣ አንዱ ጫፋቸው ውስጡን ያዳምጣል፣ ሌላው ውጭ ነው። በሰላም ጊዜ ቢፕ ውስጠኛውን ጫፍ ይይዘዋል። ቢፕ ወደ ሥራ ሲጠራ ይለቃቸዋል። አየሽ፣ ያችው ብልሃት። አይአርኢ1 ያልታጠፈውን ፕሮቲን በቀጥታም ይነካዋል የሚሉ አሉ፣ ቢፕ መልቀቁና ይሄ የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። ለአንቺ ፈተና ይሄ ክርክር አይመጣም ብዬ እገምታለሁ።

አይአርኢ1 ከሦስቱ ጥንታዊው ነው፣ እርሾ ያለው እሱን ብቻ ነው። በ1993 የፒተር ዋልተር ቡድንና ካዙቶሺ ሞሪ ያለበት ቡድን በየፊናቸው ደረሱበት፣ በ2014 ሁለቱ ሰዎች የላስከርን ሽልማት ተካፈሉ። የሚሠራውን ስሚ። ኤክስቢፒ1 የሚባል ጂን ኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ራይቦዞም የሚያነበው የጂኑ ቅጂ፣ ተዘጋጅቶ ሳይቶፕላዝም ውስጥ አለ፣ ግን እንዳለ ቢነበብ የሚወጣው ፕሮቲን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አይአርኢ1 ሲነቃ ከኤምአርኤንኤው መሀል 26 ፊደል ቆርጦ ያወጣል፣ ጫፎቹ በሌላ ኢንዛይም ይጋጠማሉ። 26 ለሦስት እኩል አይካፈልም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለው ንባብ ይዛነፋል፣ በዚህም የተነሳ ፕሮቲኑ ሌላ ጅራት ያበቅላል፣ ጠንካራ ጂን አብሪ ይሆናል። ኤምአርኤንኤ የሚቆረጠው ኒውክለስ ውስጥ ነው ተብለሽ ከተማርሽ ይሄ ከደንቡ ውጭ ነው፣ ከኒውክለስ ውጭ፣ በሌላ መቀስ የተሠራ ሥራ። ኤክስቢፒ1 ኒውክለስ ገብቶ ኢአርን የሚያሰፉ፣ ፕሮቲን የሚያጥፉና የተበላሸውን ወደ ውጭ አውጥተው የሚያስወግዱ ጂኖችን ያበራል።

ፐርክ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። ሥራው ከበዛ አዲስ ሥራ መቀበል ይቁም ነው የሚለው። ራይቦዞም ንባብ እንዲጀምር የሚያግዘው የኢአይኤፍ2 አንዱ ክፍል፣ ኢአይኤፍ2 አልፋ የሚባለው ፕሮቲን፣ 51ኛ ቦታ ላይ ያለችው ሴሪን የምትባል አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሴሉ የፕሮቲን ምርት ያሽቆለቁላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ የሚጠይቀው አለ፦ ምርት ከቆመ የማዳኛ ፕሮቲኖቹ እንዴት ይመረታሉ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ምርቱ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ ደግሞ ኤቲኤፍ4ን የመሰሉ ጥቂት ኤምአርኤንኤዎች በዚህ ጊዜ እንዲያውም ይበልጥ ይነበባሉ። ኤቲኤፍ4 ከትክክለኛው መነሻው በፊት ማሳሳቻ መነሻ አለው። በደህናው ጊዜ ራይቦዞም ቶሎ ይዘጋጅና ማሳሳቻው ላይ ጀምሮ ዋናውን ያልፈዋል። ኢአይኤፍ2 ሲደክም ራይቦዞሙ ለመዘጋጀት ይዘገያል፣ በመዘግየቱ ማሳሳቻውን ሳያስበው አልፎ ዋናው ላይ ይደርሳል። ስንፍናው ጠቀመው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይቺ ሴሪን ላይ የሚለጥፈው ፐርክ ብቻ አይደለም። አሚኖ አሲድ ሲያልቅ ጂሲኤን2፣ የቫይረስ ድርብ አርኤንኤ ሲገባ ፒኬአር፣ ሄም ሲጎድል ኤችአርአይ እዚያው ላይ ይለጥፋሉ። አራት የተለያየ ችግር፣ አንድ ማቆሚያ። የተቀናጀ የስትረስ ምላሽ የሚባለው ይሄ ነው። ረሃብን ጠይቀሽ ነበር፣ ረሃብ በጂሲኤን2 በኩል ይገባል።

ስለ ኤቲኤፍ6 ብዙ አልልም፣ ጎልጂ ወደሚባለው ሌላ የሴሉ ክፍል ይሄዳል፣ እዚያ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፣ ቁራጩ ኒውክለስ ገብቶ ቢፕን ጨምሮ የሻፐሮን ጂኖችን ያበራል።

እስካሁን ያየሽው ሁሉ ማዳን ነው። ግድያው የት አለ?

በኤቲኤፍ4 በኩል የሚበራ ቾፕ የሚባል ጂን አለ። ቾፕ ሴሉን ወደ ሞት የሚገፋ ነው። በ1998 የወጣ ሥራ ላይ ቾፕ የሌላቸው አይጦች ቱኒካማይሲን ሲወጉ የኩላሊት ሴሎቻቸው የሚሞቱት ከሌሎቹ አይጦች ያነሰ ነበር። እንግዲህ ግራ የሚያጋባሽ እዚህ ጋ ነው። ቢፕም ቾፕም በአንድ ላይ፣ በአንድ ምላሽ ውስጥ ነው የሚበሩት። ጫናው በጀመረ በጥቂት ሰዓታት ሁለቱም ከፍ ብለው ታገኛቸዋለሽ። አዳኙና ገዳዩ አብረው ከተነሱ ሴሉ በምን ይመርጣል?

መልሱ ዕድሜያቸው ላይ ነው። ቢፕ ረጅም ዕድሜ ያለው ፕሮቲን ነው፣ አንዴ ከተሠራ ለቀናት ይቆያል። ቾፕ ግን ኤምአርኤንኤውም ፕሮቲኑም ቶሎ የሚበሰብስ ነው። ሁለት ባልዲ አስቢ፣ አንደኛው ደህና፣ ሁለተኛው ቂጡ የተቀደደ። ከአንድ ቧንቧ ለሁለቱም ውሃ ክፈቺ። ቧንቧውን ቶሎ ከዘጋሽው ደህናው ባልዲ የያዘውን ይዞ ይቀራል፣ የተቀደደው ባዶ ይሆናል። ቧንቧው በኃይል ተከፍቶ ከቆየ ግን የተቀደደውም ይሞላል። ጫናው ቀላል ወይም አጭር ከሆነ ቢፕ ይጠራቀማል፣ ጫናውን ያቀለዋል፣ ምልክቱም ራሱ ይዳከማል፣ ቾፕ ይጠፋል፣ ሴሉ ይድናል። ጫናው ካልለቀቀ ቾፕ ሳያቋርጥ ይመረታልና ከፍ እንዳለ ይቆያል። ሴሉ ጊዜ የሚለካበት ሌላ ሰዓት አላስፈለገውም፣ ቀዳዳው ባልዲ ራሱ ሰዓት ነው። ሁለቱ መጻሕፍት የሚጋጩ የመሰለሽ አንዱ ቧንቧው ቶሎ የተዘጋበትን፣ ሌላው ሳይዘጋ የቆየበትን ስላዩ ነው።

በዚህ ላይ አይአርኢ1ና ፐርክ እኩል አይደክማቸውም። ጫናው ሲረዝም አይአርኢ1 ቀድሞ ዝም ይላል፣ ፐርክ ግን ይቀጥላል። ዲአር5 የሚባል የሞት ምልክት ተቀባይ አለ፣ ቾፕ ያበዛዋል፣ አይአርኢ1 ደግሞ ኤምአርኤንኤውን ይቆርጥበታል። አይአርኢ1 እስከሠራ ድረስ ሁለቱ ይገፋፋሉ፣ እሱ ዝም ሲል ዲአር5 ሜዳው ይለቀቅለታል። ሌላው የቾፕ ሥራ ደግሞ ይገርማል። ጂኤዲዲ34ን አብርቶ ያችን ፎስፌት ያስነሳና ምርት ያስቀጥላል። ኢአር ገና ሳይጸዳ ፕሮቲን እንደገና ይጎርፍበታል። ሴሉን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ እንግዲህ ሥራ ቀድሞ መጀመሩ ነው።

ሴል ራሱን ማጥፋቱ ለምን ይጠቅማል ብትዪ፣ ብቻውን ለሚኖር ሴል ላይጠቅም ይችላል። አካል ውስጥ ግን የተበላሸ ፕሮቲን እያመረተ የሚቀጥል ሴል ከሚሞተው ይልቅ ጎጂ ነው።

ምላሹ በሽታ ብቻ እንዳልሆነም ልጨምርልሽ። ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት ፕላዝማ ሴል ሲሆን ኢአሩ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፣ በሰከንድ ሺዎች ፀረ እንግዳ አካል ይለቃል። ኤክስቢፒ1 ከሌለ ይሄ ለውጥ አይሳካም። ጠላት አልመጣበትም፣ ሥራ ሊበዛበት ስለሆነ ተዘጋጀ እንጂ። በተቃራኒው ፐርክ ተበላሽቶ ሲወለዱ የሚመጣ ዎልኮት-ራሊሰን የሚባል ብርቅ በሽታ አለ፣ ሕፃናቱ ገና በጨቅላነታቸው የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። ኢንሱሊን የሚያመርተው ቤታ ሴል በደቂቃ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ የኢንሱሊን መነሻ ሞለኪውል ማምረት የሚችል ሴል ነው። ማቆሚያው የሌለው ሴል እንዲህ ሲሠራ ውሎ ራሱን ይጨርሳል። እዚህ ጋ የገደለው ምላሹ ሳይሆን የምላሹ አለመኖር ነው።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ሙከራ ሠርቼ መድኃኒት ያልነካቸው የማነጻጸሪያ ሴሎቼ ቢፓቸው ጣራ ነክቶ ተገኘ። ሳምንት ሙሉ ተጨነቅኩ፣ ቢፕን የምለካበትን ፀረ እንግዳ አካል ጠረጠርኩ፣ ባልደረባዬን ጠረጠርኩ። ለካ ቅዳሜና እሁድን ሚዲያ፣ ማለትም የሚያድጉበትን ምግብ ያለበት ፈሳሽ፣ ሳልቀይርላቸው ትቻቸው ግሉኮሳቸውን ጨርሰው ኖሯል። ግሉኮስ ከሌለ ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ስኳር የለም፣ ስኳር ካልተለጠፈ አይታጠፍም፣ ቢፕ ይነሳል። የሚያሳፍረው፣ ቢፕ ሌላ ስሙ ጂአርፒ78 ነው፣ በግሉኮስ የሚታዘዝ ፕሮቲን ማለት። በ1970ዎቹ በቫይረስ የተለወጡ የጫጩት ሴሎች ላይ ይሄ ፕሮቲን ሲበዛ ሰዎቹ መጀመሪያ ቫይረሱ ነው ብለው አስበው ነበር፣ ኋላ ግን ሴሎቹ ፈጥነው ግሉኮሱን ስለሚጨርሱት መሆኑ ታወቀ። ስሙ ላይ የተጻፈውን ነው ያላነበብኩት።

የሴሉ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ ስንሄድ ያችው ብልሃት መልኳን ቀይራ ትመጣለች። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፣ ግን በሰው ላይ የሚሠራለት ፕሮቲን 13 ብቻ ነው። የቀረው ከሺህ በላይ ፕሮቲን ከውጭ ተሠርቶ ይገባል። ለመግባት የውስጠኛው ሜምብሬን የኤሌክትሪክ ልዩነት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ዕቃ እየገባ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ የማይቶኮንድሪያውን ጤና ይናገራል። ፒንክ1 የሚባለው ፕሮቲን ሥራው ይሄ ነው። ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ መግባት ሲጀምር ተቆርጦ ይጠፋል። የታመመው ውስጥ መግባት ስለማይችል በር ላይ ይቀራል፣ ይጠራቀማል፣ ፓርኪንን ይጠራል፣ ፓርኪን ዩቢኩዊቲን ይለጥፍበታል፣ ማይቶኮንድሪያው ተጠቅልሎ ወደ ላይሶዞም ይሄዳል። የፒንክ1 ወይም የፓርኪን ጂን በሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ገና በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰን ይመጣል። እንደገና ልብ በይ፣ ፒንክ1 ሁሌም ይመረታል፣ ሁሌም ይጠፋል፣ ምልክቱ የሚፈጠረው መጥፋቱ ሲቆም ነው። ኦክስጅን የሚከታተለው ኤችአይኤፍም እንዲሁ ነው፣ ኦክስጅን ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ ሲጎድል ይቆያል። የ2019 የሕክምና ኖቤል ለዚህ ሥራ ነው የተሰጠው። ሁሌ እያመረቱ ሁሌ ማጥፋት ብክነት ይመስላል፣ ግን አደጋ ሲመጣ ከዜሮ መጀመር የለም።

ረሃብ ላይ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ ቅርጹን ይቀይራል። ሴሉ ሲራብ ራሱን መብላት ይጀምራል፣ ኦቶፋጂ ይባላል፣ ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የሕክምና ኖቤል የተሸለመበት። አሚኖ አሲድ ሲኖር ኤምቶር የሚባለው ተቆጣጣሪ ላይሶዞም ላይ ተቀምጦ ይሄን ይከለክላል፣ ሲጠፋ ከዚያ ይነሳል፣ ታግዶ የነበረው ቲኤፍኢቢ የሚባል ጂን አብሪ ኒውክለስ ገብቶ ተጨማሪ ላይሶዞም ያሠራል። በዚህ ጊዜ ማይቶኮንድሪያዎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ይረዝማሉ፣ በርዝመታቸው የተነሳ ሳይበሉ ይተርፋሉ። የተጎዳው ግን ተቆራርጦ ትንሽ ይሆናል፣ ትንሹ ደግሞ ለመዋጥ ይመቻል።

ፐርክ ወይም ዘመዶቹ ምርት ሲያቆሙ ሳይነበቡ የቀሩት ኤምአርኤንኤዎችም የትም አይበተኑም። ጂ3ቢፒ1 በሚባል ፕሮቲን ዙሪያ እንደ ጠብታ ይሰበሰባሉ፣ ስትረስ ግራኑል ይባላሉ። ሜምብሬን የላቸውም። ጫናው ሲያልፍ በሰዓት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቀልጣሉ።

ለፈተና ወይም ለሪፖርት ስትጽፊ «ቾፕ ጨምሯል፣ ስለዚህ ሴሉ እየሞተ ነው» አትበዪ። በአንድ ሰዓት ላይ የተወሰደ ልኬት ይሄን አይነግርሽም። ቢያንስ በሦስት አራት የተለያየ ሰዓት ለኪ፣ የተቆረጠውን ኤክስቢፒ1ና ቾፕን ጎን ለጎን አድርጊ፣ ሞቱን ደግሞ ለብቻው ለኪው። ሚዲያውንም ቀይሪ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ቀረ። 25 ዲግሪ ላይ ያደገ እርሾ በቀጥታ 50 ዲግሪ ላይ ብታደርጊው በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት 37 ዲግሪ ላይ አቆይተሽው ወደ 50 ብትወስጂው ግን ብዙው ይተርፋል። ያ ግማሽ ሰዓት ኤችኤስኤፍ1 ሻፐሮኖቹን እንዲያዘጋጅ ጊዜ ሰጠው። ሱዛን ሊንድክዊስት ከባልደረባዋ ጋር በ1990 እንዳሳየችው ኤችኤስፒ104 የሌለው እርሾ ቀድሞ ቢሞቅም አብዛኛው ጥቅም ይቀርበታል። ኤችኤስፒ104 ደግሞ ሥራው መጓጎልን መከላከል አይደለም፣ የተጓጎለውን እየመዘዘ መፍታት ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ነው የተጓጎለ ፕሮቲን ያለቀለት ነው የሚለውን የተውኩት። የእኛ ሴሎች ሳይቶፕላዝም ውስጥ ኤችኤስፒ104 የለም፣ ያንኑ ሥራ ኤችኤስፒ70 ከኤችኤስፒ40 እና ከኤችኤስፒ110 ጋር ተጋግዞ ይሠራዋል፣ ዝግ ብሎ ቢሆንም። መከላከያው ግን ለዘላለም አይደለም። እርሾው ወደ 25 ዲግሪ ተመልሶ መከፋፈል ሲጀምር የተጠራቀመው ሻፐሮን ለልጆቹ እየተካፈለ ይሳሳል። ስለዚህ ሙከራውን ራስሽ የምትሠሪው ከሆነ ካሞቅሽ በኋላ ለነገ አታሳድሪው፣ ያኔውኑ ወደ 50 ውሰጂው።